አስማት ማለት ስሞች ማለት ነው

በየካ አባዶ ለታዳጊ ጸሐፊዎች የቀረበ ንግግር፤ እንደተነገረ የተጻፈ

ውድ ታዳጊዎች፣ የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፣ እንደምን ዋላችሁ! በዚህ ጭቃ፣ የቅዳሜ ከሰዓታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ወንበር ያላገኛችሁ ልጆች ወደ ፊት ቅረቡ፤ ምንጣፉ ላይ ቦታ አለ።

እስቲ በአንድ ነገር እንጀምር። ተረት ተረት!

(አዳራሹ፦ «የላም በረት!»)

አያችሁ? ማንም አላስጠናችሁም፤ ከአፋችሁ ወጣ። ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል በር ያንኳኳል፤ እናንተ «የላም በረት» ስትሉ ትከፍቱለታላችሁ። ከዚያ ወዲያ ጅብ ቢናገር፣ ድንጋይ ቢያለቅስ «ይሄማ አይሆንም» የሚል የለም። አስማት ያለበት ልብ ወለድም የሚቆመው በዚሁ ፈቃድ ነው። ግን ልብ በሉ፤ አንባቢ ለአንድ የማይሆን ነገር አንዴ «ይሁን» ይላችኋል። በየምዕራፉ ሌላ የማይሆን ነገር እያመጣችሁ «ይህንንም ይሁን በለኝ» ካላችሁት መጽሐፉን አጥፎ ይነሣል።

ዛሬ ስለ ሦስት ነገር እናገራለሁ፤ ስለ አስማቱ፣ ስለ አደጋው፣ ስለ ድፍረቱ። አስማቱ ላይ ቆየት እላለሁ፤ አብዛኛው ረቂቅ የሚሰበረው እዚያ ስለሆነ። አንድ ምሳሌም ይዘን እንሄዳለን። ለዛሬው ንግግር የተፈጠረች ልጅ ናት፤ ረድኤት እንበላት። 15 ዓመቷ ነው። እዚሁ እንደኛው ባለ ኮንዶሚኒየም ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከእናቷ፣ ከአያቷና ከትንሽ ወንድሟ ጋር ትኖራለች። ከብሎኩ ጀርባ የባሕር ዛፍ ጫካ አለ።

እንግዲህ አንደኛው፣ አስማቱ። «አስማት» ምን ማለት ነው? «ድግምት» ያላችሁ አላችሁ፣ «ምትሃት» ያላችሁም አላችሁ። በዛሬው አማርኛ ልክ ናችሁ። በግዕዝ ግን አስማት የስም ብዙ ቁጥር ነው። ስም፣ አስማት። እንደገና ልበለው፤ አስማት ማለት ስሞች ማለት ነው! ኃይሉ ያለው ስም ውስጥ ነው ተብሎ ስለታመነ ቃሉ ወደዚህ ዞረ። ጠንቋይ ቤት የሄደ ሰው መጀመሪያ ምን ይጠየቃል? «ስምህ ማነው? የእናትህስ?» አውደ ነገሥት የሚባለው የኮከብ መቁጠሪያ መጽሐፍ ቆጠራም የሚሠራው እንዲሁ ነው። የሰውየው ስምና የእናቱ ስም ፊደላት ወደ ቁጥር ይለወጣሉ፣ ይደመራሉ፣ ድምሩ በ12 ይገደፋል፣ ማለት 12 12 እየተቀነሰለት ይሄዳል፤ የሚተርፈው ቁጥር ከሐመል እስከ ሑት ካሉት 12 ከዋክብት የሰውየው የቱ እንደሆነ ያመለክታል። እመኑበት አላልኩም። በልብ ወለድ ጸሐፊ ዓይን እዩት ነው የምለው። ደንብ አለው፣ ስሌት አለው፣ የሚጠይቀው ነገር አለው። ደንብ ያለው አስማት ፍለጋ የሰው አገር ፊልም ማገላበጥ አያስፈልጋችሁም።

ከዚሁ ሳንወጣ ክታብን ቀረብ ብለን እንየው። ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ የሚዘጋጅ ብራና ነው። ቆዳው ይነከራል፣ በእንጨት ማዕቀፍ ላይ ይወጠራል፣ ፀጉሩና ስቡ ተፍቆ ይደርቃል። ከዚያ በጠባቡ ይቆረጥና ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ቁራጭ ጫፍ ለጫፍ ተሰፍቶ አንድ ረጅም ጥቅል ይሆናል። የሚጻፈው በመቃ ብዕር ነው፤ ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት የሚዘጋጅ ነው፣ ቀዩ ለመክፈቻ ቃላትና ለስሞች ይውላል። በየመሀሉ ትልልቅ ዓይን ያላቸው ፊቶች፣ ሰይፍ የመዘዘ መልአክ፣ አንዳንዴም በፈረስ ላይ ሆኖ ሕፃናት ገዳይዋን ውርዝልያን የሚወጋው ሱስንዮስ ይሣላል። የባለቤቱ የክርስትና ስም ጽሑፉ ውስጥ ይገባል። ተጠቅልሎ በቆዳ ማኅደር ይከተትና ይንጠለጠላል። በሙስሊም ቤተሰብም ሒርዝ አለ፤ የሙስሊም ልጅ ታሪክ የምትጽፉ ከእሱ መነሣት ትችላላችሁ። ስፋቱ ከመዳፍ እምብዛም አያልፍም። ርዝመቱ ግን፣ ይህችን ያዙልኝ፣ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይደረጋል፤ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቅ።

በቁመት ልክ! አሁን አስቡት። የረድኤት ክታብ የተቆረጠው በ7 ዓመቷ ነው እንበል፤ 1 ሜትር ከ20። ዛሬ ልጅቷ 1 ሜትር ከ58 ናት። 38 ሳንቲ ሜትር አድጋለች። ከእግሯ ጀምሮ ቢለካ ክታቡ ደረቷ ላይ ያልቃል። ከደረቷ በላይ፣ አንገቷ፣ አፏ፣ ዓይኗ፣ ማንም የማይጠብቀው ሆኗል። አንድ ሜትር ብቻ ተጠቅመን ልጅቷ ለምን አሁን አደጋ ላይ እንደወደቀች ነገርን። ክፉ ንጉሥ፣ የጥንት እርግማን፣ ሺህ ዓመት የተኛ ዘንዶ አላስፈለገንም። አደገች፤ በቃ። ለታዳጊ የሚጻፍ ልብ ወለድ ከዚህ የተሻለ መነሻ ከየት ያመጣል?

አሁን ዋጋው ላይ ደረስን። ረቂቆች ላይ ደጋግሞ የሚታየው ችግር ይህ ነው፤ ልጅቷ እጇን ታነሣለች፣ ብርሃን ይወጣል፣ ጠላት ይወድቃል፣ እሷ ትደክማለች፣ አፍንጫዋ ይደማል፣ በማግሥቱ ደህና ሆና ትነሣለች። እንቅልፍ የሚከፍለው ዕዳ ዕዳ አይባልም። አንባቢው በሦስተኛው ጊዜ መፍራት ያቆማል፤ ምክንያቱም ለሚቀጥለው ምዕራፍ የሚጎድል ነገር የለም። ስለዚህ ዋጋው ሦስት ነገር ያሟላ። የሚቆጠር ይሁን፤ የማይመለስ ይሁን፤ አንባቢው በራሱ ቤት የሚያውቀው ይሁን።

አስማት ስሞች ነው ብለናል። እንግዲያው ረድኤት የምትከፍለው ምን ይሁን? ስሞቿን! አንድ ያበሻ ልጅ ስንት ስም አለው? ረድኤትን እንቁጠራት። ትምህርት ቤት «ረድኤት» ናት። ባልንጀሮቿ «ረዲ» ይሏታል። እናቷ «ሚጣዬ»። አያቷ «እናኑ»። ትንሹ ወንድሟ «እታለም»። ሥራ ፍለጋ ርቆ የሄደው አባቷ በስልክ «አንበሳዬ»። የክርስትና ስሟ «ወለተ ሥላሴ»። ሰባት ስም። ክታቡ ላይ ሰባት ባዶ ክብ አለ። ኃይል በፈለገች ቁጥር አንድ ስሟን በቀይ ቀለም ክቡ ውስጥ ትጽፋለች፣ ከሥሩ ሁለት የግዕዝ ቃል ታኖራለች፣ የጻፈችው ይሆናል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ግን በዚያ ስም ይጠራት የነበረ ሰው ዳግመኛ አይጠራትም። ይረሳዋል። አያቷ ጠዋት ቡና እየቆሉ «እናኑ» ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ዝም ይላሉ፤ ቀጥለውም «አንቺ ልጅ» ይሏታል።

ይህን ትዕይንት ስትጽፉት አትቸኩሉ። የጭሱን ሽታ፣ የመቁያውን ብረት ምጣድ፣ አያቷ ቃሉን ሲፈልጉ ማማሰያው እጃቸው ላይ መቆሙን፣ ቡናው መጥቆር መጀመሩን። ማረር የጀመረው ቡና ለአንባቢ ከአሥር ዓረፍተ ነገር ኀዘን የበለጠ ይናገራል። «ልቧ ተሰበረ» ብላችሁ ጽፋችሁ ከሆነ ሰርዙት፤ ቡናው ይበቃል።

ስሕተትም ይኑር። አስማት ሁሌ ከሠራ ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ነው የሚመስለው። የስሕተቱ ምንጭ ደግሞ ከዚያው ከደንቡ ይምጣ። መብራት በጠፋ ሌሊት ወንድሟ ደረጃው ላይ ቀርቷል እንበል፤ ረድኤት ብርሃን ትፈልጋለች። መጻፍ የነበረባት «ሠረቀ ብርሃን» ነው፤ ብርሃን ወጣ ማለት። በንጉሡ ሠ። እሷ ግን በችኮላ በእሳቱ ሰ «ሰረቀ ብርሃነ» ብላ ጻፈች። በግዕዝ በእሳቱ ሰ ሲሆን መስረቅ ነው፤ «ብርሃነ» ብላ መጨረሻውን ስትለውጠው ደግሞ ብርሃን የሚሰረቀው ነገር ይሆናል። ብርሃንን ሰረቀ! የብሎኩ ሻማ ሁሉ ጠፋ፣ የስልኩ ባትሪ ጠፋ፣ የጥበቃው ፋኖስ ጠፋ። ስሟም ሄደ። ለጆሮ ሁለቱ ፊደላት አንድ ናቸው፤ ለብራናው ግን ሌላ ናቸው። ለዚህ ነው አስማቱ የሚጻፍ እንጂ በአፍ የሚባል እንዳይሆን ያደረግነው። ሠዐለ ሥዕል መሣል ነው፣ ሰአለ ደግሞ መለመን ነው፤ ይህም ለሌላ ምዕራፍ ይሆናችኋል። ግዕዝ ካልተማራችሁ ግን በግምት አትጻፉ፤ የቆሎ ተማሪ የነበረ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም፣ ጠይቁት።

ወላጆች አንድ ጥያቄ በልባችሁ እንደያዛችሁ አውቃለሁ። «ልጄን ጥንቆላ ልታስተምሩብኝ ነው ወይ?» የሚገባ ጥያቄ ነው። ለዚህ ነው ልጆቹን አጥብቄ የማዝዘው፤ እውነተኛ የክታብ ጸሎት ቃል በቃል ገልብጣችሁ ልብ ወለድ ውስጥ አታስገቡ። ያ ጸሎት የሰው እምነት ነው፤ የታመመ ሰው ትራስ ሥር ያለ ነው። የናንተ አስማት የናንተ ፈጠራ ይሁን፤ ሁለት ቃል፣ ሦስት ቃል፣ ራሳችሁ የቀመማችሁት።

ሌላም አለ፣ ይሄኛውን ስናገር ድምፄ ከፍ ቢል ይቅርታ አድርጉልኝ። ታሪካችን ውስጥ ጅብ ይመጣል። «ጅቡ ማነው?» የሚለው ጥያቄም ይመጣል። በእጃችሁ ያለው ቀላሉ መልስ ምንድን ነው? «ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ የሚሆን ቡዳ።» ማን ይሆን? ቀጥቃጩ ወይም ሸክላ ሠሪዋ። እባካችሁ! እባካችሁ ይህን አትጻፉ። በሸክላና በሽመና የምናውቃቸው የቀጨኔ ሰዎች፣ ማረሻና ማጭድ ሲሠሩልን የኖሩ ቀጥቃጮች፣ በዚህ ቃል ስንት ዘመን ተገፍተዋል። እንጀራችንን የምንጋግርበትን ምጣድ ያበጀች እናት ልጇ ትምህርት ቤት «የቡዳ ልጅ» ሲባል ሰምታለች። ያ ልጅ ነገ የናንተን መጽሐፍ ያነባል። ጅቡ አዲስ ነገር እንዲመስላችሁ አሮጌ ስድብ አታልብሱት። ጅባችሁ የማንም ጎረቤት ሳይሆን ጅብ ሆኖ ይምጣ።

አስማቱን ከመዝጋታችን በፊት አንድ ሥራ። ደብተራችሁ መጨረሻ ገጽ ላይ አራት ዓምድ አስምሩ፤ ምዕራፍ፣ ምን አደረገች፣ ምን ከፈለች፣ ማን አወቀ። አስማት በተጠቀመች ቁጥር መዝግቡ። «ምን ከፈለች» የሚለው ዓምድ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ባዶ ከሆነ ቆሙ፤ እዚያ ታሪካችሁ ቀዳዳ አለው። ምዕራፍ 3 ድረስ ጫፉ ያልታየ ኃይልም ምዕራፍ 22 ላይ ከሰማይ ወርዶ ልጅቷን አያድናት። ደግሞ አያቷ ቁጭ ብለው የክታቡን ደንብ ስድስት ገጽ አያስረዱ። መጀመሪያ አንባቢው ሲሆን ይይ፤ ግራ ይጋባ፤ ከዚያ አያቷ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይበሉት።

ሁለተኛው፣ አደጋው። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ይባላል። ይደርሳል የሚለውን ቃል ያዙት። አደጋ መድረስ አለበት፤ ለመድረስ ደግሞ ከሩቅ መነሣት አለበት። ብዙ ጊዜ የሚደረገው አደጋውን ማወፈር ነው፤ መጀመሪያ አንድ ጅብ፣ ቀጥሎ አሥር፣ ቀጥሎ ቤት የሚያህል። አንባቢ መጠን ቶሎ ይለምዳል። ርቀትን ግን አይለምድም።

የጅብ ጩኸት ከዝቅተኛ ይጀምርና ወደ ላይ ይቀጥናል፣ እየደጋገመ ይመጣል። ፀጥ ባለ ሌሊት እስከ 5 ኪሎ ሜትር ሊሰማ ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ አራት ምዕራፎች ድምፅ ብቻ ይሁን፤ የት እንዳለ አይታወቅ። ከዚያ ዱካ። ኮቴው አራት ጣት አለው፣ ጥፍሩ ወደ ውስጥ ስለማይገባ ጭቃው ላይ ምልክቱ ይታያል። ጅብ አጥንት ስለሚበላ ኩሱ ሲደርቅ ነጭ ይሆናል። ይህን ሁሉ ከጫካ ቅጠልና እንጨት ተሸክመው የሚመጡት ሴቶች ያውቁታል፤ ረድኤትን መጀመሪያ የምታምናት ትልቅ ሰው ከእነሱ አንዷ ትሁን። ከዚያ በር ላይ የጥበቃው ውሻ ይጥፋ። ከዚያ ምድር ቤቱ። ከዚያ ደረጃው። የራሳችሁን ብሎክ ደረጃ ውጡና ቁጠሩት፤ የቱ ጋ እንደተሸረፈ፣ የቱ ፎቅ ላይ አምፖል እንደሌለ፣ የቱ መዞሪያ ላይ የጎረቤት ከሰልና ባልዲ እንደሚቀመጥ። ጅብ ከኋላ እግሩ የፊቱ ይረዝማል፤ ደረጃ ሲወጣ ምን ይመስላል? አስቡበት። በነገራችን ላይ በጅብ መንጋ የምትመራው ሴቷ ናት፤ ከወንዱም ትገዝፋለች። ስለዚህ «ጅቢቱ» በሏት።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። አደጋው ከዋጋው ይመገብ። ረድኤት የከፈለቻቸው ስሞች የት ይሄዳሉ? ጅቢቱ አፍ ውስጥ። አንድ ስም በጠፋ ቁጥር ጅቢቱ በዚያ ስም፣ በዚያ ሰው ድምፅ መጥራት ትችላለች። ልጅቷ ራሷን ባዳነች ቁጥር የሚያሳድዳት ነገር ቋንቋ ይጨምራል። አስማቱና አደጋው አንድ ገመድ ሆኑ። አንዱን ስትስቡ ሌላው ይመጣል።

ምዕራፍ 21 ላይ እንድረስ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፣ ዝናብ ነው፣ እናቷ የሌሊት ተረኛ ናት። በሩ ይንኳኳል። በእናቷ ድምፅ «ሚጣዬ፣ ክፈቺልኝ» ይላል። ረድኤት ታውቃለች፤ «ሚጣዬ» የሚለውን ስም በምዕራፍ 14 ከፍላዋለች። እናቷ ያንን ቃል ዳግመኛ አትለውም። ከውጭ ያለችው እናቷ እንዳልሆነች ቅንጣት ጥርጥር የለባትም። ታዲያ ለምን እጇ ወደ መቀርቀሪያው ሄደ? ምክንያቱም በዓለም ላይ «ሚጣዬ» የሚላት የቀረው ያ ድምፅ ብቻ ነው። እዚህ ላይ አንባቢ ጅብ አይደለም የሚፈራው። የልጅቷን እጅ ነው የሚፈራው።

የሌሊት ሰዓት ስላነሣሁ አንድ እርማት። በየረቂቁ «እኩለ ሌሊት ሆነ፣ ደወሉ 12 ጊዜ ተደወለ» የሚል አለ። በኛ አቆጣጠር እኩለ ሌሊት 6 ሰዓት ነው፤ 12 ሰዓት ንጋት ነው፣ ታክሲው ረዳት እየጮኸ ሰው የሚጭንበት። ጅቢቱን በ12 ብታመጧት ሥራ የሚሄድ ሰው ይረግጣታል።

ቀነ ገደብም ስጡት። ከኛ ካሌንደር የተሻለ የትም የለም። ጳጉሜን አብዛኛውን ጊዜ 5 ቀን ናት፤ 6 የምትሆነው በአራት ዓመት አንዴ፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ነው። በ2015 ሆና ነበር፣ ቀጥላ በ2019 ናት። በአራት ዓመት አንዴ ብቻ ያለ ቀን! ክታቡ የሚዘጋው ወይም ለዘለዓለም የሚከፈተው ጳጉሜን 6 ይሁን። ታሪኩ ሐምሌ 1 ቢጀምር 66 ቀን አላችሁ፤ ሐምሌ 30፣ ነሐሴ 30፣ ጳጉሜን 6። ክረምቱን ሙሉ ነው፤ ጭጋጉ፣ ጭቃው፣ የሚጠፋው መብራት ሁሉ ያግዛችኋል። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው፤ ጅራፍ የሚጮህበት፣ ችቦ የሚበራበት። ጳጉሜን 3 ሩፋኤል ነው፤ ልጅ ሁሉ ዝናብ ላይ ወጥቶ የሚታጠብበት። ሁለት ምዕራፍ ካስጨነቃችሁ በኋላ አንዱን አሳርፉ፣ ቡሄ ላይ ይጨፍሩ። ነገር ግን በዕረፍቱ ምዕራፍም አንድ ነገር ይለወጥ። ልጆቹ «ሆያ ሆዬ» እያሉ ሲዞሩ ድምፁ ከልጆቹ ቁጥር በአንድ ይብለጥ። አምስት ልጆች፣ ስድስት ድምፅ።

ሦስተኛው፣ ድፍረቱ። እዚህ ላይ አጭር ነኝ፤ ዋጋውንና አደጋውን በትክክል ከሠራችሁ ድፍረቱ ግማሹ ተጽፏል። «ፈሪ ለእናቱ» እንላለን። ፈሪ ለእናቱ ይተርፋል ማለት ነው። አባባሉ ፍርሃትን አይንቅም፤ መትረፍም ዋጋ አለው ይላል። እናንተም የረድኤትን ፍርሃት አትናቁባት። የማትፈራ ልጅ ደፋር ልትባል አትችልም፤ ምን አሸነፈችና? ፍርሃቷን በሰውነቷ አሳዩት። ቁልፉ ቀዳዳው ውስጥ አልገባ ይላል። ምራቋ ይደርቃል። ሽንቷ ይመጣል፤ ታዳጊ አንባቢ ይህን ሲያነብ «እኔም እንዲህ ነኝ» ይላል።

መውጫም ስጧት። መሸሽ የማትችል ልጅ ብትዋጋ ግድ ሆኖባት ነው። ስለዚህ አንድ ጠዋት አክስቷ «እኔ ጋ አዳማ ነይ፣ ክረምቱን ክፍል አለሽ» ትበላት፤ ሚኒባሱ ሊሞላ አንድ ሰው ይቅረው፤ ረዳቱ በሩን ይዞ ይጠብቃት። ቦርሳዋ እጇ ላይ ነው። እና ትመለሳለች። ያ መመለስ ነው ድፍረት፤ የተመዘነ፣ አማራጭ የነበረው። ድፍረት ሁሉ በጩቤ አይደለም። የክርስትና ስሟን ለማዳን ብላ የአባቷን «አንበሳዬ» መክፈሏ፣ ከዚያ ስልኩ ሲደወል ማንሣቷ፣ ያ ከጅቢቱ ጋር ከመተናነቅ ይከብዳል።

ትልልቆቹን ምን እናድርጋቸው? ብዙ ጀማሪ ጸሐፊ እናትና አባትን በምዕራፍ 1 ይገድላል፤ ልጁ ብቻውን እንዲቀር። በኛ አገር አያስኬድም። እናትና አባት ቢሞቱ አክስት አለች፣ አያት አሉ፣ ጎረቤት አለ፣ ዕድር አለ፤ ድንኳን ተጥሎ ሦስት ቀን ቤቱ ሰው ይሞላል፣ ጅቢቱ የት ቆማ ትጠራለች? ይልቅ ትልልቆቹ ይኑሩ፣ ይርዱም፣ ነገር ግን የሚረዱት ባልሆነው መንገድ ይሁን። እናቷ በሩ ላይ ሁለተኛ መቀርቀሪያ ታስገጥማለች፤ ጅቢቱ ግን የምትገባው በስም ነው። ጎረቤቶች ተሰብስበው ጥበቃ ይጨምራሉ፤ ጥበቃው ግን ስሙ ሲጠራ ማታ «አቤት» ይላል። ሁሉም የሚችለውን አድርጓል፣ ማንም ሞኝ አልሆነም፣ ልጅቷ ግን አሁንም ታስፈልጋለች። ደግሞ ልጅ ጀብዱ ሲሠራ የሚያሳይ ታሪክ ለአማርኛ እንግዳ አይደለም። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» በ1900 ዓ.ም. ሮም ሲታተም፣ ባለታሪኳ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ መንገድ ወጥታለች። ከመነሻችን ጀምሮ መንገድ ላይ ያለችው ልጃገረድ ናት።

ስለ ርዝመት ቶሎ ልበልና ልጨርስ፤ መጠየቃችሁ ስለማይቀር። 24 ምዕራፍ፣ እያንዳንዱ 1,900 ቃል ያህል ቢሆን 45,600 ቃል ነው። አንድ የታተመ ገጽ 240 ቃል ያህል ቢይዝ 190 ገጽ ይመጣል። ማተሚያ ቤት አንድ ትልቅ ወረቀት አጥፎ 16 ገጽ ስለሚያወጣ በ12 እጥፍ 192 ገጽ ይሆናል፤ ሁለቷ ትርፍ ገጽ ለርእስና ለመታሰቢያ። የእንግሊዝኛ ጸሐፊዎች ከዚህ በላይ ቃል ሲቆጥሩ ብትሰሙ አትደንግጡ፤ እነሱ በአምስት በስድስት ቃል የሚሉትን እኛ «አልመጣችልኝም» ብለን በአንድ ቃል እንጨርሰዋለን። በቀን 300 ቃል፣ በሳምንት አምስት ቀን ከጻፋችሁ ከ30 ሳምንት ትንሽ በላይ ይፈጃል። ከጥናት ጋር ይሄዳል። ምዕራፍ 8 አካባቢ ሰልችቷችሁ ምዕራፍ 1ን እንደገና መጻፍ ያምራችኋል። እንዳታደርጉት! የሚሻሻለውን በእርሳስ ከዳር ጻፉና ወደ ፊት ሂዱ።

አሁን ሉካችሁን አውጡ። እስክሪብቶ የሌለው እጁን ያንሣ፣ እዚህ አለ። የምትጠሩባቸውን ስሞች ሁሉ ከላይ ወደ ታች ጻፉ፤ የትምህርት ቤቱን፣ የቤቱን፣ የክርስትናውን፣ አያት ያወጡላችሁን፣ ኳስ ሜዳ የተለጠፈባችሁን። ከእያንዳንዱ ስም ጎን በዚያ ስም የሚጠራችሁን ሰው ጻፉ። አንድ ሰው ብቻ የሚጠራበት ስም ካለ ከሥሩ አስምሩበት። ከዚያ መጀመሪያ የምትከፍሉትን 1 ቁጥር ስጡት፣ እስከ መጨረሻው ውረዱ። 10 ደቂቃ አላችሁ። ወላጆች፣ እናንተም ጻፉ፤ ወረቀቱ ይበቃል።